የአንኮበር ውሸታም ሰሌዳዎች

ባለፈው ሳምንት ደብረ ብርሃን አውቶቡስ ተራ አጠገብ አንዲት ሴት ጦስኝ በትንንሽ እስር አድርጋ ስትሸጥ አየሁና አንዱን አንስቼ አሸተትኩ። አሸትቼ መመለስ አቃተኝ። አፍንጫዬ ላይ እንደያዝኩት ብዙ ቆየሁ መሰለኝ፣ ሴትዮዋ «አባባ፣ ማሽተቱም በዋጋ ነው» አለችኝ። ዋጋውን ስትነግረኝማ ከእጄ ሊወድቅ ምንም አልቀረው። በእኔ ጊዜ አምስት ሳንቲም ይዞ የወጣ ሰው ጦስኝ በጉያው ሙሉ ታቅፎ፣ በተረፈው ቆሎ ገዝቶ እየቆረጠመ ቤቱ ይገባ ነበር። ይህን ልነግራት አፌን ስከፍት አብራኝ የነበረችው ልጄ ክንዴን ያዘችና «አባዬ፣ በፈጠረህ የድሮ ዋጋ እንዳትጀምር» አለችኝ። ከፍዬ ገዛሁ። ቤት ስንደርስ ሻይ ውስጥ ልትጨምረው ስትል ግን እምቢ ብዬ ኮቴ ኪስ ውስጥ ከተትኩት፤ እስካሁንም እዚያው ነው።

አንኮበር ጦስኝ ጦስኝ ትሸታለች። ቢያንስ ያኔ ትሸት ነበር። ዘመኑን በቁጥር አልናገርም፤ ቁጥርና እኔ ከተጣላን ቆይተናል። ጃንሆይ በዙፋናቸው ነበሩ፣ የካኪ ሱሪ እግሩ ሰፊ ነበር፣ ባርኔጣ ያላደረገ የመንግሥት ሠራተኛ ራቁቱን እንደወጣ ይቆጠር ነበር። እኔም ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ስምንተኛ ክፍል ጨርሼ፣ አንድ ዓመት የእርሻና የአትክልት ትምህርት ተከታትዬ፣ ተምሬ ተምሬ ደብረ ብርሃን አንድ የእህል መጋዘን ውስጥ ጸሐፊ ሆኜ ቀረሁ። መጋዘኑ በብርድ የታወቀ ነበር፤ ቀለሙ ብልቃጥ ውስጥ እየረጋ በትንፋሼ እያሞቅሁ ነበር የምጽፈው። አለቃዬ ደግሞ ከብርዱ ይብሳል። እናም አንድ ቀን «አንኮበር ሄደህ ለሕዝቡ ስለ አገር በቀል ዕፅዋትና ስለ ዱር አራዊት አስተምር» የሚል ደብዳቤ ሲደርሰኝ፣ የት እንደሆነ እንኳ ሳልጠይቅ ዕቃዬን ሸከፍኩ። ደረት ኪሴ ላይ ሁለት እስክሪብቶ ሰካሁ። አንደኛው አይጽፍም፤ ለማዕረግ ነው።

በርበሬ በጫነ መኪና ላይ፣ ጆንያው አናት ተቀምጬ፣ እስክደርስ እያስነጠስኩ ሄድኩ። ስወርድ ከተማው የለም። ጉም ነው። ከቆላው በኩል ጉሙ ሲነሣ አንኮበር ላይ ሰው ሰላምታ የሚለዋወጠው ማን መሆኑን ሳያውቅ ነበር፤ «እንደምን ዋልክ» የሚል ድምፅ ይመጣል፣ «እግዜር ይመስገን» ብለህ ትመልሳለህ፣ በሬም ይሁን ሰው ካለፈ በኋላ ታየዋለህ። ገበያው ዳር አንዲት ጠጅ ቤት ነበረች፤ ሸክላ የሚያጫውት መሣሪያ ከአንድ ሸክላ ጋር ነበራት። ሸክላው ተሰንጥቆ ዘፋኙ አንድ ቦታ ሲደርስ ግማሽ ቃል ሦስት ጊዜ ይደግማል። የከተማው ሰው ዘፈኑን ያወቀው በዚያ ሸክላ ስለነበር፣ ሠርግ ላይ ሲዘፍኑት እንኳ እዚያ ቦታ ሲደርሱ ሦስት ጊዜ ያንቀጠቅጡት ነበር። ከዓመታት በኋላ ያንኑ ዘፈን አዲስ አበባ በደህናው ሸክላ ሰማሁትና የጎደለ መሰለኝ።

ትምህርቱ እሁድ እሁድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ባለው ትልቅ ጥድ ሥር ነበር። መንግሥት ይህን ያሰበው ያለ ነገር አልነበረም፤ ሰዉ ሁሉ ባሕር ዛፍ ባሕር ዛፍ እያለ የአገሩን ዛፍ ረስቷል ተብሎ ነው። ደብዳቤው ግን ጅራት ነበረው። ዓመቱ ከማለቁ በፊት አርባ አገር በቀል ተክል ያለበት አትክልት ቦታ ይዘጋጅ፣ እያንዳንዱ ስሙ በሰሌዳ ይጻፍለት፣ ስሙና ጥቅሙ በደብተር ይስፈር፣ ተቆጣጣሪ መጥቶ ያያል። ከወደደው ትምህርቱ ይቀጥላል፤ ካልወደደው ይዘጋል፣ አስተማሪውም ወደ ነበረበት ይመለሳል። ወደ ነበረበት! ቀለም ወደሚረጋበት። ያንን ወረቀት እንደ ክታብ አጥፌ ይዤው ነበር የምዞረው።

መጀመሪያ ሰው የመጣው እኔን ለመስማት ሳይሆን ሊሰማኝ የሚመጣ ሰው ካለ ለማየት ነበር። ከዚያ ስለ አራዊት ማስተማር ስጀምር ክርክሩ ጣማቸው። ጃርት ወስፌውን አይወረውርም ያልኩ ቀን አንድ እሁድ ሙሉ በክርክር አለቀ። መሪጌታ ጥበቡ፣ የደብሩ ቅኔ አዋቂ፣ ቁጥብና የተከበሩ ሰው፣ ተነሥተው «ልጄ፣ መጽሐፍህ ጃርቱን አይቶታል?» ሲሉ ጠየቁኝ። ጭላዳ የሚበላው ሳር ነው፣ ሌባ አይደለም ብዬ ሳስረዳ ደግሞ ከኋላ አንድ ገበሬ «ያምና ገብሴን የጨረሰው ሳር መስሎት ነዋ!» አለ። ሰዉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። አሊዩ አምባ የሚነግዱት አቶ ሰይድ እንኳ፣ ጨርቅና ቅመም ይዘው ዳገቱን በበቅሎ በወጡ ቁጥር፣ ካልተማርኩ ብለው ከጥዱ ሥር ይቀመጡ ነበር። ሳላውቀው ወደድኳቸው። መጋዘኑን ብቻ ሳይሆን እነሱን ማጣትም መፍራት ጀመርኩ።

እናም አትክልት ቦታውን ስንጀምር «እያንዳንዳችሁ ከጓሮአችሁ ወይም ከገደሉ አንዳንድ ተክል ከነሥሩ አምጡ፤ ስሙንም ንገሩኝ» አልኳቸው። አመጡ። እንዴት አድርገው አመጡ! ሁሉም ለየብቻው፣ ማንም በሌለበት ሰዓት፣ በነጠላ ጠቅልሎ። ግራ ቀኝ ያይና ጆሮዬ ላይ ያንሾካሹካል። መሪጌታ «የመነኩሴ ቀበቶ ይባላል» አሉኝ። ሌላው «የአማት ምላስ»፣ ሌላዋ «የጉም አንሶላ»። እትዬ ዘነቡ፣ ባላቸው የሞተባቸው፣ ቁመታቸው አጭር ቁጣቸው ረጅም የነበረ ሴት፣ አንዲት ቅጠሏ ጠጉራም የሆነች ተክል ከመሬቱ ጋር ቆርሰው አምጥተው «የዶሮ ጉልበት» አሉኝ። «ለምን ትሆናለች እትዬ?» ብላቸው «ለሆድ ቁርጠት። ከዚህ ወዲያ አትጠይቀኝ» አሉ። እኔ ከላምባ ጣሳ ቆርቆሮ እየቀደድኩ፣ በጥቁር ቀለም፣ ባማረው እጅ ጽሕፈቴ ሁሉንም ጻፍኩ። ሦስት ሰዎች ያመጡት ቅጠሉም አበባውም ቁርጥ አንድ ሆኖ ስሙ ሦስት ሲሆንብኝ እንኳ አልጠረጠርኩም። ይልቁንም ስለ ዕፅዋት ዝምድና አንድ ሰዓት ንግግር አደረግሁ። ሦስቱም ባለቤቶች በአድናቆት ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙኝ።

የተቆጣጣሪው መምጫ ሦስት ሳምንት ሲቀረው አቶ ሰይድ ከቆላ መጡ። ሙሉውን አትክልት ቦታ በኩራት አስጎበኘኋቸው። ሁለተኛው ሰሌዳ ላይ ፈገግ አሉ፤ አምስተኛው ላይ በጥምጥማቸው ጫፍ አፋቸውን ሸፈኑ፤ አሥረኛው ላይ መሬት ተቀመጡ።

«ወላሂ አስተማሪው» አሉ ዕንባቸውን እየጠረጉ፣ «እነዚህን ስሞች ማን ሰጠህ?»

«ሰዎቹ ራሳቸው ናቸዋ።»

«የመድኃኒቱን ስም የሚናገር ባለመድኃኒት የት አይተሃል? ስሙ የተነገረ መድኃኒት ይከሽፋል። ደግሞስ ጎረቤት ሰምቶ ቢነቅለው? ለእንግዳ የሚሆን ስም ነው የሰጡህ። ይህ የመነኩሴ ቀበቶ ያልከው መቅመቆ ነው፤ እኔ በቁና ነው የምሸጠው።»

«የእርስዎስ?» አልኳቸው እያላበኝ። አቶ ሰይድ ያመጧት ተክል ስድስተኛው መደብ ላይ ነበረች።

መሬት መሬቱን አዩ። «አስተግፊሩላህ» አሉ። «የእኔም ያው ነው።»

ቆጠርኩ። ከአርባው እውነተኛ ስም የያዙት ጥድ፣ ወይራ፣ ኮሶ፣ ቀጋ፣ ጦስኝ፣ ዳማከሴና እንዶድ ብቻ ነበሩ፤ እነሱንማ ሕፃንም ያውቃቸዋል። እሁድ ተነሥቼ ለመንኳቸው። ስለ መንግሥት ነገርኳቸው፣ ስለ ደብዳቤው ነገርኳቸው፣ ስለ መጋዘኑ ብርድ ሳይቀር ነገርኳቸው። አንድም ሰው አላፈረም። መሪጌታ በርኅራኄ አይተውኝ «ልጄ፣ አልዋሸንህም። ስም አምጡ አልክ፣ ባዶ እጅህን አናሳፍረውም ብለን ሰጠንህ። ምን አጠፋን?» አሉ።

ግን በማግስቱ አንድ ነገር ሆነ። የአማት ምላስ ባለቤት መንገድ ላይ ጠብቆ ያዘኝና «የእኔ ስም ልክ ነው፤ የመሪጌታው ግን ውሸት ነው፣ መቅመቆ ነው» አለኝ። መሪጌታ ዘንድ ስሄድ የእሳቸው ልክ መሆኑን ነግረውኝ ሲያበቁ የአማት ምላስ የተባለው ቀበርቾ መሆኑን አወጡልኝ። ሦስተኛዋ የአራተኛውን፣ አራተኛው የሦስተኛዋን። ለካ ያ ሁሉ በነጠላ ተሸፍኖ የመጣ ምስጢር ጎረቤት የሚያውቀው ነው! ሁሉም የራሱን ይሸሽጋል፣ የሌላውን ያውቃል፣ የራሱን ማንም የማያውቅ ይመስለዋል። በሁለት ሳምንት ውስጥ ከእነዚያ ሰባቱ ጋር ሠላሳ ዘጠኝ እውነተኛ ስም ሞላልኝ። የእትዬ ዘነቡን ብቻ የሚያውቅ ጠፋ። አቶ ሰይድ እንኳ ቅጠሏን ቀጥፈው አሽተው፣ ቀምሰው፣ «ይህቺን አላውቃትም» አሉ፤ እሳቸው አላውቅም ሲሉ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

አሁን ሌላ ጭንቀት መጣ። እውነቱን ሰሌዳ ላይ ብጽፈው ማን ማንን አሳልፎ እንደሰጠ ወዲያው ይታወቃል፤ አንኮበር ላይ በዚህ የተቆራረጠ ሰው በተዝካርም አይታረቅም። ስለዚህ ብልጥ ነኝ ብዬ ሰሌዳውን ለሕዝቡ እንደነበረ ተውኩት፣ ደብተሩን ለመንግሥት በእውነት ሞላሁት። የእትዬ ዘነቡን ቦታ ባዶ ተውኩ። ተቆጣጣሪ የሚባል ሰው ወይ ሰሌዳ ያያል ወይ ደብተር ያያል እንጂ ሁለቱን ያስተያያል ብዬ አልጠረጠርኩም። መጋዘን ጸሐፊ ሆኜ ይህን አለማወቄ!

ተቆጣጣሪው በጂፕ መጣ። ክራቫት አድርጓል፣ ጫማው ያበራል። የከተማው ሹማምንት ገና ከመኪና እንደወረደ ጠጅ ቤት አስገብተው ጥሬ ሥጋ በአዋዜ፣ ጠጅ በብርሌ አቅርበውለት ነበር። አትክልት ቦታው ሲደርስ ሰዉ ሁሉ በየተክሉ አጠገብ ነጭ በነጭ ለብሶ ቆሟል። ተቆጣጣሪው ደብተሩን ከእጄ ወሰደና የመጀመሪያው ሰሌዳ ፊት ቆመ።

«ተራ ቁጥር አንድ» ሲል ጮክ ብሎ አነበበ። «ሰሌዳው የመነኩሴ ቀበቶ ይላል። ደብተሩ ግን...»

መሪጌታ ሳሉ። እንዴት ያለ ሳል! ተቆጣጣሪው እስኪጨርሱ ጠበቀና «ደብተሩ ግን...» ሲል አጠገባቸው ያለው ቀጠለ። ከዚያ ሌላዋ። ወደ ሁለተኛው ሰሌዳ ሲዞር አርባውም ሰው አንድ ላይ ይስል ጀመር፤ ተራራው ሁሉ ጉንፋን ያዘው። ተቆጣጣሪው ፊቱ ቀላ።

«አቶ ደምሴ» አለኝ፣ «ወይ ሰሌዳው ይዋሻል ወይ ደብተሩ ይዋሻል። የትኛው ነው እውነቱ?»

ሳሉ ቀጥ አለ። አርባ ሰው አየኝ። ደብተሩ ነው ብል ሠላሳ ዘጠኝ ስም በአደባባይ ይነበባል፣ ትምህርቱ ይተርፋል፣ እነዚህ ሰዎች ግን ከዚያ በኋላ አንድ ጥድ ሥር አይቀመጡም። ሰሌዳው ነው ብል ሐሰተኛ ደብተር ለመንግሥት ያቀረብኩ እኔ ነኝ። መጋዘኑ ትዝ አለኝ። እጄ በረደኝ፣ በእውነት ያን ጊዜ በረደኝ።

«ሰሌዳው ነው እውነቱ» አልኩ። «ደብተሩን ተሳስቼ ነው የጻፍኩት።»

«እንግዲያው ትምህርቱ ተዘግቷል» አለ። «አንተም ነገ...»

ከ«ነገ» የሚቀጥለው ቃል አፉ ውስጥ ቀረ። መጀመሪያ የተቆጣ መሰለኝ። ኋላ ሆዱን ይዞ እጥፍ ሲል ጥሬ ሥጋውና ጠጁ፣ እኛ ባናደድነው ላይ ተጨምሮ፣ የሚሠራውን እየሠራ መሆኑ ገባኝ። ያ ሁሉ ክራቫት መሬት ላይ ተንበረከከ። ሹማምንቱ «ሐኪም! ሐኪም!» ይላሉ፤ ሐኪም ያለው ደብረ ብርሃን ነው። እትዬ ዘነቡ ሰዉን በክርናቸው እየገፉ መጡ፣ የራሳቸውን ተክል ከመደቡ ነቀሉ፣ የሥሩን ቅርፊት በጥርሳቸው ላጡና ቁራጩን አፉ ውስጥ ከተቱለት።

«አላምጥ» አሉት። «አላምጥ እንጂ፣ የእንጨት መፋቂያ መሰለህ? ውሃውን ዋጠው ልጄ።»

የመንግሥት ሰው በሕዝብ ፊት ልጄ ተብሎ አላመጠ። ላብ አጠመቀው። ጥቂት ቆይቶ ቀና አለ፤ ከዚያ አንድ ረጅም ግሳት አገሳ፤ ሰዉ በአንድ ድምፅ «እሰይ!» አለ። ተነሥቶ ክራቫቱን አስተካከለና ደብተሩን ገልጦ ወደ አርባኛው ተራ ወረደ። ባዶ ነው።

«እናቴ» አላቸው፣ «ይህ ሥር ስሙ ማን ነው?»

እትዬ ዘነቡ ነጠላቸውን አጣፉ። «ስሙን የሰማ ሆድ ሕመሙ ይመለስበታል» አሉ። «ልንገርህ?»

«ይተዉት!» አለ ተቆጣጣሪው ሁለት እጁን አንሥቶ። «ይተዉት እናቴ፣ ይተዉት!»

የተማረ ሰው ነበር እኮ። እስክሪብቶውን አወጣና ባዶው ቦታ ላይ በገዛ እጁ «የዶሮ ጉልበት» ብሎ ጻፈ። ከዚያ የቀሩትን ሳያነብ ገጹን ገልብጦ «ታይቷል፣ ይቀጥል» ብሎ ፈረመ። እኔ ጥዱን ተደግፌ አለቀስኩ፤ ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ብቻ ደስ ብሎኝ ነበር።

ትምህርቱ ከዚያ በኋላ ስድስት ይሁን ሰባት ዓመት ቆየ። በዚያ ዘመን ሁሉ እትዬ ዘነቡን የተክሏን ስም እንዲነግሩኝ ለመንኳቸው። «ከእርስዎ ጋር ትጠፋለች እኮ» እላቸዋለሁ፤ «እኔ የት ልሄድ ነው?» ይሉኛል። መሄዳቸው አልቀረም። ታመው ሲተኙ ሰው ልከው አስጠሩኝ። ቤተሰቡን ከጓዳ አስወጡና «ያን ቀን ለእኛ ብለህ እንጀራህን ልታጣ ነበር፤ አልረሳሁትም» አሉኝ። ከዚያ ወረቀት ላይ እንዳላውላት አስማሉኝ፤ «ወረቀት ላገኘው ሁሉ ይናገራል» አሉ። ማልኩ። ጆሮዬን አስጠጋሁ፣ ነገሩኝ። ስወጣ ጉሙ ወርዶ ነበርና ፊቴን ማንም አላየውም። እትዬ ዘነቡን እንደ እናቴ ነበር የምወዳቸው። እንዲህም ሆኖ፣ የነገሩኝ እውነተኛውን ስም ይሁን ለእንግዳ የሚሆነውን፣ እስከ ዛሬ እርግጠኛ አይደለሁም።

በዚሁ በጦስኙ ሰበብ ልጄን ለምኜ ያለፈው እሁድ አንኮበር ወሰደችኝ። መንገዱ አጠረ፣ ጠጅ ቤቷ የለችም፣ ባሕር ዛፉ አሸንፎናል። የአትክልት ቦታው አጥር ግን ጥጉ ላይ ትንሽ ተርፏል፤ እዚያም አንዲት የግብርና ባለሙያ፣ ሱሪ የለበሰች ፈገግታ የማይለያት ልጅ፣ ሃያ የሚሆን ሰው ሰብስባ ስለ አገር በቀል ተክል ታስተምራለች። ደረቴ ሞላ። ጠጋ ብዬ ስሰማ ቆየሁ። ኋላ ወደ አጥሩ ሥር ጎንበስ አለችና አንዲት ቅጠሏ ጠጉራም የሆነች ተክል ይዛ «ይህቺን የምታውቁ አላችሁ? መጽሐፍ ላይ አጣኋት» አለች። ማንም አላወቃትም። አየችኝ። «አባባ፣ እርስዎ ያውቋታል?»

እንደምሞት አውቃለሁ። መሪጌታም አቶ ሰይድም ካለፉ ቆይተዋል። ያቺ ስም፣ እውነት ከሆነች፣ በዓለም ላይ ያለችው በእኔ አፍ ውስጥ ብቻ ነው። ልነግራት ቆርጬ ነበር። እስክሪብቶዋን ብታስቀምጥ ኖሮ እነግራት ነበር ብዬ አምናለሁ። እሷ ግን ደብተሯን ገልጣ፣ እስክሪብቶዋን ደግና፣ ዓይን ዓይኔን እያየች ትጠብቃለች።

«የቆቅ ምንጣፍ» አልኳት።

ልጄ ቀና ብላ አየችኝ። ባለሙያዋ ደስ ብሏት መጻፍ ከጀመረች በኋላ ትንሽ አመነታችና «እርግጠኛ ነዎት አባባ?» አለችኝ።

«ልጄ» አልኳት፣ «የዚህ አትክልት ቦታ አስተማሪ እኔ ነበርኩ።»

ጻፈችው።